አስምን በገዛ ሳንባቸው የመዘኑ ሐኪም
ስለ ዶክቶር ሮጀር አልቱንያን የምርምር ሥራ

አንድ አዲስ መድኀኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በእንስሳ ላይ መፈተኑ የተለመደና የሚገባም ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ እንስሳው የሰውን በሽታ የማይታመም ከሆነ ፈተናው የሚፈትነው ምኑን ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የዶክቶር ሮጀር አልቱንያንን የምርምር ሥራ ነው። እኒህ ሰው ሐኪምም የአስም በሽተኛም ነበሩ፤ ስምንት ዓመት ያህል የገዛ ሳንባቸውን የምርምር ሚዛን አድርገው ሲሠሩ ቈይተው፣ በእንስሳ ብቻ ቢፈተን ኖሮ ሳይታወቅ ሊጣል የሚችል መድኀኒት ለሕክምና አበረከቱ። ታሪካቸው የሚያስደንቅ ብቻ ሳይሆን የሚያከራክርም ስለ ሆነ፣ ምርምርን ለሚማር ሰው ሁለት እጥፍ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የበሽታው ጠባይ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አስም ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። አየር ከጕሮሮ ወደ ሳንባ የሚወርደው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች ነው። የነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ በጡንቻ የተጠመጠመ ሲሆን፣ ውስጡ ደግሞ አክታ በሚያመነጭ ስስ ልባስ የተሸፈነ ነው። አስም የያዘው ሰው ቧንቧዎች ጤነኛውን ሰው በማያስቈጣ ነገር ይቈጣሉ፤ የቤት አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የእንስሳ ጠጕር፣ ብርድ አየር ወይም ሩጫ ይበቃቸዋል። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይደርሳሉ፤ ጡንቻው ይኰማተራል፣ ልባሱ ያብጣል፣ አክታው ይበዛል። በሽተኛው አየሩን ከማስገባት ይልቅ ማስወጣቱ ይበልጥ ይጨንቀዋል፤ ደረቱም ሲር ሲር ይላል።

የቧንቧዎቹ መጥበብ በቍጥር ሊለካ የሚችል ነገር ነው። በሽተኛው እስኪሞላ ድረስ አየር ይስብና ባለ በሌለ ኀይሉ ወደ መለኪያው መሣሪያ ይተነፍሳል። በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ ውስጥ የወጣው አየር ስንት ሊትር እንደ ሆነ ይመዘገባል፤ ቍጥሩ ከቀነሰ ቧንቧዎቹ ጠበዋል ማለት ነው። አንባቢያችን ይህን ልኬት ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ የምንተርከው ሥራ ሁሉ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነውና።

በ1950ዎቹ ዓመታት ለዚህ በሽታ የነበሩት መድኀኒቶች አብዛኛዎቹ የተኰማተረውን ጡንቻ የሚያላሉ ነበሩ። አድሬናሊን፣ ኤፌድሪን፣ አይሶፕሬናሊንና ቴዎፊሊን የዚህ ወገን ናቸው። ይህም ማለት በሽተኛው ሕመሙ እስኪነሣበት ይጠብቃል፤ ሲነሣበትም መድኀኒቱን ይወስዳል። ኮርቲዞንና የእርሱ ዘመዶች የሆኑት መድኀኒቶች እብጠቱን ይቀንሱ ነበር፤ ነገር ግን በአፍ እየተዋጡ ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱ አጥንትን የሚያሳሱ፣ ስኳርና የደም ግፊት የሚያስከትሉ፣ የሕፃናትንም እድገት የሚገቱ ነበሩ። እንግዲህ ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት የሚከላከል፣ ሆኖም ሰውነትን የማይጐዳ መድኀኒት አልነበረም ማለት ይቻላል።

የዶክቶር አልቱንያን አመጣጥ

ሮጀር አልቱንያን በ1922 ዓመት በሶርያ አገር በአሌፖ ከተማ ተወለዱ። ስማቸው በ«ያን» መጨረሱ በአባታቸው በኩል የአርመን ዘር መሆናቸውን ያመለክታል፤ ይህንንም በአዲስ አበባ ከአርመኖች ጋር የኖረ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አያታቸው በአሌፖ የታወቀ ሆስፒታል ያቋቋሙ ሐኪም ነበሩ፤ አባታቸውም በዚያው ሆስፒታል የሠሩ ሐኪም ናቸው። እናታቸው እንግሊዛዊት ነበሩ። የልጆች መጻሕፍት ደራሲ የነበረው አርተር ራንሶም የዚህ ቤተ ሰብ ወዳጅ ስለ ነበረ፣ ሮጀር የሚል ስም ያወጣለት ትንሽ ልጅ ስሙን ያገኘው ከእኒሁ ሰው መሆኑ ይነገራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኀይል ውስጥ አውሮፕላን አብራሪና የበረራ አስተማሪ ሆነው አገለገሉ። ሕክምናን የተማሩት በካምብሪጅና በለንደን ነው። ትምህርታቸውን እንደ ፈጸሙ ወደ አሌፖ ተመልሰው በአያታቸው ሆስፒታል ሠሩ፤ ነገር ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ በመካከለኛው ምሥራቅ የተነሣው ፖለቲካዊ ሁከት ሶርያን ትተው ወደ እንግሊዝ አገር እንዲሄዱ አስገደዳቸው። በዚያም ቤንገርስ ላቦራቶሪስ በሚባለው የመድኀኒት ኩባንያ ውስጥ ተቀጠሩ፤ ይህ ኩባንያ የፋይሰንስ ኩባንያ ክፍል ነበር። ከዚህ በኋላ የምንተርከው ሥራቸው በሙሉ የተፈጸመው በዚያው ነው።

ከግብፅ የመጣው ተክል

ኩባንያው በዚያን ጊዜ ይመረምረው የነበረው ኬሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ነው። ኬሊን የሚገኘው በግብፅና በምሥራቅ ሜዲቴራኒያን ዙሪያ ከሚበቅለው አሚ ቪስናጋ ከሚባለው ተክል ፍሬ ነው። አረቦች ተክሉን ኸላ ይሉታል፤ የኵላሊት ጠጠር የሚያመጣውን ቍርጠት ለማስታገሥ ከጥንት ጀምሮ በሕዝብ መድኀኒትነት ሲሠራበት ኖሯል። በ1940ዎቹ ዓመታት በካይሮ ይሠሩ የነበሩት የፊዚዮሎጂ ሊቅ ግሌብ አንሬፕ ኬሊን የልብን ደም ሥሮች እንደሚያሰፋ አሳይተው ነበር። ጡንቻን የሚያላላ ነገር ከሆነ የሳንባንም ቧንቧ ሊያሰፋ ይችላል የሚለው ተስፋ ከዚህ የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ኬሊን በውሃ በደንብ የማይሟሟ፣ ሲወስዱትም የሚያቅለሸልሽ በመሆኑ፣ ኬሚስቶቹ መልኩን እየለዋወጡ በውሃ የሚሟሙ ዘመዶቹን መሥራት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። ኬሚስቶቹ በዚህ መንገድ የሠሯቸው አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ከኬሊን የሚጠበቀውን ጡንቻ የማላላት ኀይል አጡ። በተለመደው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ሥራው በዚህ ያበቃ ነበር፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ማላላት ከሆነና ንጥረ ነገሩ የማያላላ ከሆነ ዋጋ የለውም ይባላል።

ሳንባ እንደ ሚዛን

በዚያን ጊዜ የአስም መድኀኒት የሚፈተነው ጊኒ ፒግ በምትባለው ጅራት በሌላት ትንሽ እንስሳ ነበር። እንስሳዋ ሂስታሚን ወይም ሌላ ቧንቧ የሚያኰማትር ነገር እንደ ጭጋግ እየተረጨ እንድትተነፍስ ይደረጋል፤ መድኀኒቱ ከመታፈን ካዳናት ይመሰገናል፣ ካላዳናት ይጣላል። ዶክቶር አልቱንያን ግን ጊኒ ፒግ በተፈጥሮዋ አስም የሌላት እንስሳ መሆኗን አስተዋሉ። በእርስዋ ላይ የሚታየው በኬሚካል የተፈጠረ የጡንቻ መኰማተር ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ስለዚህ የሰውን በሽታ ለመመርመር በሽታው ያለበት ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም እርሳቸው ነበሩ።

ያወጡት ዘዴ እንዲህ ነው። ለጊኒ ፒግ ጠጕር አለርጂ ስለ ነበረባቸው፣ ከእንስሳዋ ጠጕር ጭማቂ አዘጋጅተው በጭጋግ መልክ ይስቡት ነበር። ወዲያው አስማቸው ይነሣል፤ እርሳቸውም ወደ መለኪያው እየተነፈሱ አየሩ በስንት እንደ ቀነሰ ይመዘግባሉ። በሌላ ቀን ደግሞ ጭማቂውን ከመሳባቸው በፊት ኬሚስቶቹ ከሠሯቸው ንጥረ ነገሮች አንዱን ይስቡና፣ ያንኑ ያህል ጭማቂ ወስደው ልኬቱን ይደግማሉ። የሁለቱ ቀን ልዩነት የንጥረ ነገሩን ጥቅም ወይም ከንቱነት ያሳያል። ጊኒ ፒግ በሌሎች ቤተ ሙከራዎች የመድኀኒቱ ፈታኝ ስትሆን፣ በዚህኛው ግን የሕመሙ ምክንያት ሆነች፤ የፈታኙን ቦታ ሰውየው ወሰዱ።

ይህን አሠራር ከ1957 ገደማ ጀምሮ እስከ 1965 ድረስ ቀጠሉበት። እያንዳንዱ ፈተና በፈቃድ የተጠራ የአስም ሕመም መሆኑን ብናስብ የሥራው ክብደት ይገባናል። በዚህም መንገድ በእንስሳ ፈተና ሊታይ የማይችል ነገር አገኙ፤ ይኸውም ጡንቻን ፈጽሞ የማያላሉት ንጥረ ነገሮች፣ ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ሲሳቡ ሕመሙ እንዳይነሣ ያደርጉ ነበር። ከተነሣ በኋላ ቢወሰዱ ምንም አይጠቅሙም፤ አስቀድመው ቢወሰዱ ግን ይከላከላሉ። እስከዚያ ዘመን ድረስ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው የአስም መድኀኒት የሚታወቅ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ንጥረ ነገሮች የሚከላከሉበት ጊዜ አጭር ነበር። ኬሚስቶቹ መልኩን ሲያሻሽሉ፣ ሐኪሙም ሲፈትኑ ዓመታት አለፉ። በ1965 ክሮሞን የሚባለውን የኬሊን አካል ሁለቱን በአንድ ሰንሰለት አያይዞ የያዘ ንጥረ ነገር ተሠራ፤ የምርምር ስሙም ኤፍ ፒ ኤል 670 ተባለ። ይህኛው ለሰዓቶች የሚከላከል ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሶዲየም ክሮሞግሊኬት በሚባለው ስም ይታወቃል፤ ለገበያ የወጣው ግን ኢንታል በሚለው ስም ነው።

ዱቄቱና ውልብልቢቱ

መድኀኒቱ ከተገኘ በኋላ ሌላ ችግር ተነሣ። ክሮሞግሊኬት ተውጦ ወደ ሆድ ቢገባ ከመቶው አንድ እጅ ያህል እንኳ ወደ ደም ቢያልፍ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሳንባ መግባት አለበት። የሚያስፈልገውም መጠን 20 ሚሊግራም ስለ ሆነ፣ በ1956 የወጣው በጋዝ ግፊት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሊያወጣ አይችልም ነበር። በዚያ ላይ ብዙ በሽተኞች መጫኑንና መሳቡን በአንድ ቅጽበት ማስማማት ያቅታቸዋል።

ዶክቶር አልቱንያን የቀድሞው የአብራሪነት ዕውቀታቸው በዚህ ጊዜ ጠቀማቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በውስጡ ትንሽ ውልብልቢት ያለበት መሣሪያ አወጡ፤ ስሙም እስፒንሄለር ተባለ። መድኀኒቱ በጣም በላመ ዱቄት መልክ በካፕሱል ውስጥ ይደረጋል፤ ካፕሱሉ ከውልብልቢቱ ጋር ይያያዝና ይበሳል። በሽተኛው አፉን በመሣሪያው ላይ አድርጎ አየር ሲስብ፣ የራሱ ትንፋሽ ውልብልቢቱን እንደ አውሮፕላን ፕሮፔለር ያሽከረክረዋል፤ ካፕሱሉም እየተንቀጠቀጠ ዱቄቱን ወደ አየሩ ይበትናል። መሣሪያው ያለ ጋዝ፣ በበሽተኛው በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ የመጫንና የመሳብ መስማማት አያስፈልገውም። ከተበተነው ዱቄት ውስጥ ወደ ሳንባው ጥልቀት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው በአፍና በጕሮሮ ላይ ይቀራል፤ ያም ጥቂቱ ለሥራው በቂ ሆነ።

ከአንድ ሳንባ ወደ ብዙ ሳንባ

እስከዚህ ድረስ የተረክነው በአንድ ሰው ሳንባ ላይ የተገኘ ውጤት ነው። አንድ ሰው ግን ስለ በሽተኞች ሁሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። በዚያ ላይ የሚፈትነውም የሚፈተነውም አንዱ ሰው ሲሆን፣ ተስፋው ልኬቱን ሊያዛባበት ይችላል። ዶክቶር አልቱንያን ይህን ስለ ተረዱ ከዶክቶር ጃክ ሃውል ጋር ሆነው በበሽተኞች ላይ ፈተና አካሄዱ። በዚህ ፈተና መድኀኒቱን የሚወስደው በሽተኛም ሆነ የሚመረምረው ሐኪም፣ የተሰጠው እውነተኛው መድኀኒት ይሁን ባዶው ዱቄት ሳያውቁ ይቈያሉ፤ የሚገለጠው በመጨረሻ ነው። ውጤቱ በ1967 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ፤ መድኀኒቱ ለአለርጂ አስም እንደሚጠቅምም አመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በለንደን ፔፒስና ባልደረቦቻቸው አለርጂ የሚያመጣ ነገር በመሳብ የሚነሣውን ሕመም መድኀኒቱ እንደሚያግደው አሳዩ።

ይህ የሁለተኛው ፈተና ነገር ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። አለርጂ ያለበት ሰው የሚጐዳውን ነገር ሲስብ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ ይመጣበታል። ፊተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ተነሥቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ኋለኛው ከብዙ ሰዓት በኋላ መጥቶ ይከብዳል፣ ይቈያልም። ጡንቻ የሚያላሉት መድኀኒቶች የሚያግዱት ፊተኛውን ነው፤ የኮርቲዞን ወገን የሆኑት ደግሞ በይበልጥ ኋለኛውን ያግዳሉ። ክሮሞግሊኬት ግን አስቀድሞ ከተወሰደ ሁለቱንም ያግድ ነበር። በሩጫ የሚነሣውንም አስም ይከላከላል።

ይህ ሁሉ የሆነበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። በ1960ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝና በጥቂት ሌሎች አገሮች በአስም የሚሞቱት ወጣቶች ቍጥር ከፍ ብሎ ሐኪሞችን አስጨንቆ ነበር። ሕመሙ ሲነሣ ብቻ ጡንቻ በሚያላላ መድኀኒት እየታገሡ መኖር አደገኛ መሆኑ እየታወቀ መጣ። በዚህ ጊዜ መከላከልን ዓላማው ያደረገ፣ ጉዳቱም እጅግ ጥቂት የሆነ መድኀኒት መገኘቱ በተለይ ለሕፃናት በሽተኞች ትልቅ እፎይታ ሆነ።

የመድኀኒቱ አሠራር

መድኀኒቱ መሥራቱ ከታወቀ በኋላ እንዴት እንደሚሠራ መጠየቁ ግድ ነው። በሳንባ ቧንቧዎች ልባስ ውስጥ ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ በውስጣቸውም ሂስታሚንና ሌሎች የሚያኰማትሩና የሚያሳብጡ ነገሮች ተከማችተዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ የታወቀው አይ ጂ ኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል በነዚህ ሴሎች ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ የሚጠላው ነገር ሲመጣ ሴሉ ክምችቱን ይዘረግፋል። ክሮሞግሊኬት ይህን መዘርገፍ እንደሚያግድ በ1967 ታትሞ ወጣ። ስለዚህ መድኀኒቱ በሩን ይዘጋል እንጂ የተበተነውን አይሰበስብም፤ ከሕመሙ በኋላ ሲወሰድ የማይጠቅመውም፣ በሂስታሚን የታፈነችውን ጊኒ ፒግ የማያድነውም በዚህ ምክንያት ነው ተባለ። ለእርስዋ የተሰጣት ሂስታሚኑ ራሱ ስለ ሆነ የሚዘጋ በር አልነበረም።

ይህ ማብራሪያ የሚያምር ቢሆንም ሙሉ ሆኖ አልቈየም። ማስት ሴልን ከክሮሞግሊኬት ይበልጥ አጥብቀው የሚያግዱ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ተሠርተው በአስም ላይ ሲፈተኑ የተጠበቀውን ያህል አልጠቀሙም። በ2010 የታተመ ጥናት ደግሞ ክሮሞግሊኬት ጂ ፒ አር 35 በተባለ የሴል ተቀባይ ላይ እንደሚሠራ አሳይቷል። መድኀኒቱ በሳንባ ልኬት ከተገኘ ከ45 ዓመት በኋላ እንኳ የአሠራሩ ጥያቄ ገና ይመረመር ነበር ማለት ነው።

ፍርዱና ትምህርቱ

ዶክቶር አልቱንያን በ1987 በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የመድኀኒታቸው ዕድል ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቀን በቅንነት መመለስ ይገባናል። በ1972 ቤክሎሜታዞን የተባለው በመሳብ የሚወሰድ የኮርቲዞን ወገን መድኀኒት ታወቀ፤ ወደ ሳንባ ብቻ በጥቂት መጠን ስለሚገባ የቀድሞውን የኮርቲዞን ጉዳት በብዙ ቀንሶ እብጠቱን በኀይል ያበርዳል። በ2000 በሕፃናት ላይ የተደረጉትን የክሮሞግሊኬት ፈተናዎች ሰብስቦ የመረመረ ጥናት፣ በየቀኑ ለመከላከያ ሲሰጥ ከባዶው መድኀኒት እንደሚሻል በቂ ማስረጃ አላገኘም። ዛሬ የአስም ሕክምና መሠረት በመሳብ የሚወሰደው የኮርቲዞን ወገን መድኀኒት ነው። ክሮሞግሊኬት በአስም ሕክምና ውስጥ ያለው ቦታ እጅግ ጠቧል፤ ለዓይንና ለአፍንጫ አለርጂ ግን እስካሁን ይሠራበታል።

እንግዲህ ድካማቸው ከንቱ ሆነ እንበልን? እኛ እንደዚያ አንልም። በመጀመሪያ፣ ሕመሙ እስኪነሣ ከመጠበቅ ይልቅ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል የሚለውን አሳብ በመድኀኒት ካሳዩት ሰዎች አንዱ እርሳቸው ናቸው። የዛሬውም ሕክምና፣ መድኀኒቱ ሌላ ይሁን እንጂ፣ የቆመው በዚሁ አሳብ ላይ ነው። ሁለተኛም፣ መድኀኒትን በደረቅ ዱቄት መልክ በበሽተኛው ትንፋሽ ወደ ሳንባ ማስገባት ዛሬ በብዙ ዓይነት መሣሪያ ይሠራበታል፤ እስፒንሄለርም ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈው ትምህርት ስለ መመዘኛ ነው። መርማሪ የሚያገኘው ነገር በያዘው መመዘኛ የሚወሰን ነው። በጊኒ ፒግ የሚመዝን ሰው ጊኒ ፒግን የሚያድን ነገር ያገኛል፤ ክሮሞግሊኬት ግን በዚያ ሚዛን ላይ ምንም ክብደት አልነበረውም። ዶክቶር አልቱንያን ሚዛኑን ለወጡ፤ የተጣለውም ነገር ክብደት አገኘ። ይሁን እንጂ የእርሳቸውም ሚዛን ጕድለት ነበረበት። በጊኒ ፒግ ጠጕር የሚነሣ፣ በፈቃድ የተጠራና ለሰዓቶች የሚቈይ የአንድ ሰው ሕመም፣ ዓመቱን ሙሉ በልዩ ልዩ ምክንያት የሚሠቃየውን ሕፃን በሽታ ሁሉ አይወክልም። በአንዱ ሳንባ ላይ ግልጽ ሆኖ የታየው ነገር በብዙዎች ላይ ሲመዘን የቀለለው ምናልባት በዚህ ይሆናል።

በገዛ ራስ ላይ ስለ መፈተንም አንድ ቃል እንጨምር። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ባወጣው መግለጫ፣ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሚመራበትን ደንብ ደንግጓል፤ ደንቡም ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ መጥቷል። ዛሬ መርማሪው ብቻውን የሚወስነው ነገር የለም፤ ዕቅዱን አስቀድሞ ሌሎች መርምረው መፍቀድ አለባቸው። የዛሬው ደንብ በሥራቸው ዘመን ቢኖር ኖሮ፣ ዶክቶር አልቱንያን ስምንት ዓመት ሙሉ አስማቸውን እየጠሩ እንዲኖሩ ማን ይፈቅድላቸው ነበር ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቀላል አይደለም። ደፋርነታቸውን እናደንቃለን፤ ተማሪ ሁሉ እንዲከተለው ግን አንመክርም። እንዲከተለው የምንመክረው ከድፍረታቸው በፊት የነበረውን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «የምለካው ነገር በእርግጥ ላውቀው የምፈልገው ነገር ነውን?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ላቦራቶሪም ገንዘብም አያስፈልግም፤ በየቤተ ሙከራችን ሥራ ስንጀምር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልንጽፈው የሚገባ ነው።